ዳገቱ የሚመርጠው ሞተር

ትልቅ የጉዞ ሞተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፤ የቀድሞው ትውልድ ይሻላል ወይስ አዲሱ? ለቀድሞው የሚሟገቱ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ አሠራሩ ግልጽ ነው፣ መካኒክ ሁሉ ፈቶ ይገጥመዋል ይላሉ። ለአዲሱ የሚሟገቱ ደግሞ ፍሬኑ ያስተማምናል፣ ነዳጅ አያባክንም፣ ረጅም መንገድ ላይ አያደክምም ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱም ስለ ሞተሩ ብቻ ስለሚናገሩ ነው። የሚሄድበት መንገድ፣ የሚጠግነው እጅና የሚቀዳለት ነዳጅ ሳይነሱ የትኛውም ትውልድ በራሱ የተሻለ ነው ሊባል አይችልም።

ይህን ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚወጣውን መንገድ መከተል በቂ ነው። ደብረ ብርሃን ከዋና ከተማዋ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከዚያ ተነስቶ ከ3,100 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ይወጣና ይከፈላል። አንዱ በዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ይወርዳል። ሌላው ደጋውን ሳይለቅ ወደ ሰላ ድንጋይ፣ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ ያመራል። ብርዱ፣ ጉሙ፣ ስሱ አየር፣ ቁልቁለቱ፣ አስፋልቱና ጠጠሩ እዚህ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይገናኛሉ። የዓለም የጉዞ ሞተሮች ታሪክና የዚህ መንገድ ታሪክ ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ የትኛው ትውልድ ለማን እንደሚሆን ግልጽ እየሆነ ይመጣል።

ከ1834 እስከ 1927 ዓ.ም.፦ የበቅሎ መንገድ

በ1834 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከአንኮበር ወደ ምጽዋ ሲጓዝ በሰላ ድንጋይ አለፈ። ሰላ ድንጋይ በዚያን ጊዜ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች። ከአንኮበር ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ገደሉን እየዞረ፣ ወንዙን እየተሻገረ፣ ደጋውን ከደጋ ጋር እያገናኘ ይጓዝ ነበር። ለዚህ መሬት የተመረጠችው በቅሎ ነበረች። ፈረስ በሜዳ ይቀድማታል፤ በድንጋያማ ቁልቁለት ግን እግሯን አስተውላ የምታስቀምጥ፣ በጥቂት መኖ ብዙ የምትጓዝ እሷ ናት። መኳንንቱ ፈረስን ለጦርነትና ለጉግስ፣ በቅሎን ለመንገድ መለየታቸው መሬቱን ከማወቅ የመጣ ብልሃት ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አጼ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና ሲያገኙ ይህ ሥርዓት ወዲያው አልተለወጠም። መኪናዋ የምትሄድበት መንገድ ከከተማው ብዙ አይርቅም ነበር። ለውጡ የመጣው ቆየት ብሎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ሲጠረግ ነው። መንገዱ አፈርና ድንጋይ ነበር፤ በክረምት ይዘጋል፣ በበጋም ጎማ ይበላል። ሆኖም ጣርማ በር ለመጀመሪያ ጊዜ ለጎማ ተከፈተ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ወራሪው በሞተር ሲመጣ

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ማርሻል ባዶልዮ ደሴ ላይ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ዘመኑ ካወቃቸው በሞተር የሚጓዙ ታላላቅ ሰልፎች አንዱ ነበር። ሰልፉን ካስቸገሩት ቦታዎች ዋናው ጣርማ በር ሆነ። ዳገቱን እንዲጠብቁ የተላኩት በስዊድን መኮንኖች የሚሠለጥኑ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። መንገዱ በፈንጂ ተንዶ ስለነበር የወራሪው ጦር ተሽከርካሪዎቹን አቁሞ፣ በዝናብና በጭቃ ውስጥ በሰው ጉልበት ድንጋይ እየከመረ መጠገን ግድ ሆነበት። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ፤ ግን ያ ሁሉ ብረት በአንድ የተናደ መንገድ ፊት እንደሚቆም ሸዋ በዓይኗ አይታለች።

ጣሊያኖች በዚያ ጦርነት ከተጠቀሙባቸው ሞተር ሳይክሎች አንዱ 500 ሲሲ ገደማ የሆነው የሞቶ ጉዚ ጂቲ 17 ነበር። የዘር ሐረጉ ለርዕሳችን ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ጁዜፔ ጉዚ የኋላ እግሩ ሞላ የተገጠመለት፣ ለረጅም ጉዞ የታሰበ ሞተር ሠርቶ እስከ ኖርዌይ የአርክቲክ ክበብ ድረስ ነድቶት ነበር። የጉዞ ሞተር የሚባለው ዓይነት ከመጀመሪያ አባቶቹ አንዱ ይኸው ሲሆን፣ የጦሩ ጂቲ 17 ከእሱ የተወለደ ነው። ለሰላማዊ ጉዞ የተፀነሰ ማሽን ኢትዮጵያን ያየው የጦር ልብስ ለብሶ ነው።

ወራሪው መንገዱን ለራሱ ጥቅም ሠራ። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል አሥመራ የሚደርሰው ጎዳና ሲዘረጋ፣ በጣርማ በር ከ500 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ ተፈለፈለ። ዋሻው ከላይ ያለውን አስቸጋሪ ጫፍ አስቀረ፤ ቁልቁለቱን ግን ማስቀረት አልቻለም። ከዋናው ጎዳና ወጣ ባሉት በተጉለት፣ በመንዝና በቡልጋ አምባዎች ደግሞ በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩ አርበኞች ይንቀሳቀሱ ነበር። ሞተር የሚደርስበት መሬት የወራሪው፣ በቅሎና እግር ብቻ የሚደርሱበት መሬት የአርበኛው ሆኖ ለአምስት ዓመት ቆየ። ከዚያ በኋላ በመጣው ታሪክ ሁሉ ይህ መለያ መስመር አልጠፋም፤ አስፋልቱ አንድ ዓለም፣ ከአስፋልቱ የሚገነጠለው መንገድ ሌላ ዓለም።

ከ1934 እስከ 1965 ዓ.ም.፦ የጋራዥ እጅ ሲፈታ

ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያ ጎዳናውን ወረሰች፤ ሙያውንም ወረሰች። በጣሊያኖች ጋራዥ ረዳት ሆነው የጀመሩ ወጣቶች ካምቢዮ መፍታት፣ ፍሪሲዮን መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ማርሚታ መበየድ ተማሩ፤ ለልጆቻቸውና ለሠልጣኞቻቸውም አስተላለፉ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የመንገድ ጥገናው ባለቤት አገኘ። የጭነት መኪናና አውቶቡስ ጣርማ በርን የዘወትር መንገዳቸው አደረጉት። ሞተር ሳይክል ግን በአብዛኛው የከተማ ነገር ሆኖ ቀረ፤ የንጉሠ ነገሥቱን መኪና የሚያጅቡ ሞተረኞች፣ ደብዳቤ የሚያደርሱ ሠራተኞችና በቬስፓ የሚንሸራሸሩ ወጣቶች ነበሩ ተጠቃሚዎቹ።

በውጭው ዓለም የዚያ ዘመን የጉዞ ሞተር አሠራሩ በቀላሉ የሚገባ ነበር። እንግሊዛዊው ትራያምፍ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ባለሁለት ሲሊንደር ሐሳብ ላይ ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ሁለት ሲሊንደሮችን ግራና ቀኝ አስተኝቶ፣ በካቴና ፋንታ በካርዳን ኋላውን እያሽከረከረ፣ ዘላቂነትን ከፍጥነት አስቀድሞ ይጓዝ ነበር። ካቴና በአቧራ ይበላል፣ ይረዝማል፣ ዘይትና ማጥበቅ ይፈልጋል። ካርዳን ክብደት ቢጨምርም ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ያለ ብዙ ጣጣ ይሄዳል። የረጅም ጉዞ ሞተሮች በኋላም ካርዳንን የሙጥኝ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሆንዳ ሲቢ 750ን ሲያወጣ ሚዛኑ ተለወጠ። አራት ሲሊንደር፣ በቁልፍ የሚነሳ ሞተር፣ ፊት ላይ ዲስክ ፍሬን፣ ሁሉም በተራ ሰው አቅም ቀረበ። ከዚያ ወዲህ «አዲሱ ይሻላል» ማለት ባዶ ጉራ መሆኑ ቀረ፤ የቀደመው ትውልድ በቁጥርም በአገልግሎትም የሚበለጥበት ዘመን መጣ።

1966 ዓ.ም.፦ አንድ ዓመት፣ ሦስት መንገድ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከ1966 የበለጠ የተጨናነቀ ዓመት የለም። በመስከረም ወር ማለቂያ ላይ ቢኤምደብሊው አር 90 ኤስን በፓሪስ አሳየ። ፊቱ ላይ ትንሽ የነፋስ መከላከያ ያላት፣ እንደ እሽቅድምድም ሞተር የምትፈጥን፣ እንደ ጉዞ ሞተር የምትቆይ ማሽን ነበረች። በዚያው ሰሞን ቴድ ሳይመን የተባለው ጋዜጠኛ በ500 ሲሲ ትራያምፍ ታይገር ከለንደን ተነስቶ ዓለምን ለመዞር ወጣ። እንዲሁም በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሳና የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ሰማይ ወጣ።

ከሦስቱ ሁለቱ ወደ ኢትዮጵያ ደረሱ። ሳይመን በሱዳን በኩል ገብቶ ጎንደርን፣ ከዚያ አዲስ አበባን አልፎ ወደ ኬንያ ወረደ። የነዳጁ ዋጋ ደግሞ በየካቲት ወር የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎችን ለአድማ አስነሳ፤ አድማው ከመምህራኑና ከሠራዊቱ ጥያቄ ጋር ተጋጥሞ አብዮት ሆነ። ፈጣን ሞተር የመንዳት ሕልም በአውሮፓ በተወለደበት ዓመት፣ ቤንዚን የመንግሥት ዕጣ የሚወስን ነገር መሆኑን አዲስ አበባ ተማረች።

የሳይመን ምርጫ ራሱ ስለ ትውልድ የሚነግረን አለው። በዚያ ዓመት ከትራያምፍ የተሻሉ ፈጣን የጃፓን ሞተሮች በገበያ ላይ ነበሩ። እሱ ግን ሥሩ እስከ እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ የሚደርስ ሞተር ይዞ ወጣ። ሞተሩ በመንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ተበላሸ፤ ፒስተን ሳይቀር መቀየር ነበረበት። ነገር ግን ብልሽቱ ሰው በእጁ የሚደርስበት ብልሽት ስለነበር፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አገሩ ተመለሰ። አሮጌ ትውልድ አይበላሽም የሚለው አባባል ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ ይበላሻል፣ ግን መንገድ ዳር መፍትሔ ያገኛል።

አር 90 ኤስ ከታየች ከሦስት ዓመት በኋላ ቢኤምደብሊው አር 100 አርኤስን አወጣ። አካሉ በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ተፈትኖ የተሠራ ሙሉ መከላከያ ነበረው። ነጂው በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ነፋስ ደረቱን የማይመታው ሆነ። ዛሬ ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ዓይነት መልኩን ያገኘው ያኔ ነው፤ የእሽቅድምድም ጉልበትና ፍሬን፣ የነፋስ መከላከያ፣ የጎን ሻንጣ፣ ትልቅ ሳልባትዮ፣ ለሁለት ሰው የሚመች ወንበር።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ በውጭ ትልልቁ፣ በአገር ቤት ትንንሹ

ደርግ ሥልጣን ላይ በቆየባቸው ዓመታት ሁለቱ ዓለማት በጣም ተራራቁ። በኢትዮጵያ ነዳጅ በኩፖን ነበር፤ የግል ትልቅ ሞተር የቅንጦት ዕቃ ነበር። ወደ ገጠር የወጣው ሞተር ሌላ ዓይነት ነው። ለግብርና ባለሙያ፣ ለጤና ሠራተኛ፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም ለዕርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች የተሰጠው እንደ ያማሃ ዲቲ ያለ፣ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ ብዙ የማይርቅ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ትንሽ ሞተር ነበር። ከጣርማ በር ወደ ሰላ ድንጋይና ወደ መንዝ የሚገባው የጠጠር መንገድ የዚህ ሞተር ነው። ቢወድቅ አንድ ሰው ያነሳዋል፤ ወንዝ ቢሞላ ሁለት ሰው ተሸክሞ ያሻግረዋል። የበቅሎን ቦታ የወሰደው እሱ ነው፤ ያገኘውም በበቅሎ ጠባይ ነው።

በአውሮፓና በጃፓን ግን ውድድሩ ጦፏል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1980 አስፋልትንም ጠጠርንም የሚችል አር 80 ጂ/ኤስ አወጣና በፓሪስ–ዳካር ውድድር ደጋግሞ አሸነፈ። ካዋሳኪ በ1986 ጂቲአር 1000ን ከ28 ሊትር በላይ በሚይዝ ሳልባትዮና በካርዳን አቀረበ፤ ይህ ሞተር ሃያ ዓመት ያህል ብዙም ሳይለወጥ ተመረተ። ሆንዳ በ1990 ኤስቲ 1100ን ሲያወጣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የፖሊስና የረጅም መንገድ ተጓዦች ምርጫ ሆነ።

እነዚህ ሁሉ በካርቡሬተር የሚሠሩ ነበሩ። የዚህ ትርጉም በጣርማ በር ዳገት ላይ ጎልቶ ይታያል። ከ3,000 ሜትር በላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለቆላ አየር የተለካውን ቤንዚን በደጋም ያፈሳል። ቤንዚኑ ስለሚበዛ ሞተሩ ጥቁር ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ለአዲስ አበባና ለደብረ ብርሃን አየር የቤንዚኑ ቀዳዳ ከተስተካከለ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ከ1,800 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ባለው መንገድ አንድ ልክ ለሁሉም አይሆንም። ጥሩ መካኒክ መሐል ላይ ያስተካክለዋል፤ ከዚያ በላይ ማድረግ ግን ከእጁ ጥበብ ውጭ ነው።

ከ1984 እስከ 1999 ዓ.ም.፦ ካርቡሬተር የተሰናበተበት ዘመን

የሞተር ትውልዶችን በሁለት የሚከፍል አንድ መስመር እንሳል ቢባል በዚህ ዘመን ላይ ያርፋል። ቤንዚኑን በኮምፒውተር ለክቶ የሚረጨው ኢንጄክሽን ከውድ ሞተሮች ወደ ሁሉም ወረደ። የአየሩን ግፊትና ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ስላለው ዳገት ሲወጣ ቤንዚኑን ይቀንሳል፣ ቁልቁል ሲወርድ ይጨምራል። ጉልበት በከፍታ መቀነሱ አይቀርም፤ ጭሱና መንተፋተፉ ግን ይቀራል። ጎማ በፍሬን ጊዜ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስም በዚሁ ዘመን ነው የተስፋፋው። የአየር ብክለት ሕጎችም እየጠበቁ መጥተው ካርቡሬተርን ከአውሮፓ ገበያ ገፉት።

የዘመኑ ምልክት የሆነው ያማሃ ኤፍጄአር 1300 እ.ኤ.አ. በ2001 በአውሮፓ ወጣ። 1,298 ሲሲ ባለአራት ሲሊንደር፣ ካርዳን፣ 25 ሊትር ሳልባትዮ፣ ከመነሻው ኢንጄክሽን ነበረው። በ2003 ፍሬኑ ተለቀ፤ ኤቢኤስም መጣ። በ2006 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ የመጀመሪያውን ገዢዎች ዋና ቅሬታ መለሰ፤ ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት የነጂውን እግር ያቃጥል ስለነበር የአየሩ መውጫ ተለወጠ። በ2013 የመጣው ሦስተኛው ትውልድ ጋዙን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር፣ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበት የሚቀንስ፣ በረጅም ሜዳ ፍጥነቱን ራሱ የሚጠብቅ ሆነ። በ2016 ማርሹ ከአምስት ወደ ስድስት ከፍ አለ። አዲስ መሆን ግን ሁልጊዜ መሻሻል አይደለም። ኤስቲ 1100ን የተካው የሆንዳ ኤስቲ 1300 በከፍተኛ ፍጥነት ይወዛወዛል የሚል ቅሬታ ተነስቶበት በ2007 አንዳንድ የእንግሊዝ የፖሊስ ክፍሎች ከሥራ አውጥተውታል፤ የቀድሞው ወንድሙ ይህ ስም አልነበረውም።

ኢትዮጵያ በእነዚህ ዓመታት የትውልዶቹን ፉክክር በመንገዷ ላይ አስተናግዳለች። ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ2001 በሰባ ዓመቱ ዋዜማ ዓለምን ዳግም ሊዞር ተነሳና በኢትዮጵያ እንደገና አለፈ። አዳዲስ የኢንጄክሽን ሞተሮች ሞልተው ሳሉ የመረጠው ግን አየር የሚያቀዘቅዘውን፣ በካርቡሬተር የሚሠራውን አር 80 ጂኤስ ነው። በ2007 ደግሞ ተዋናዮቹ ዩዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን ከስኮትላንድ ወደ ኬፕ ታውን ሲሄዱ ኢትዮጵያን ያቋረጡት የዘመኑ የመጨረሻ በሆነው አር 1200 ጂኤስ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ከሞተሩ ይልቅ የጉዞው አደረጃጀት ነው። ተዋናዮቹን ረዳት ተሽከርካሪዎች፣ ሠራተኞችና መለዋወጫ ይከተሏቸው ነበር። ሳይመን ብቻውን ነበር፤ ስለዚህ የሚያውቀውንና በየመንገዱ የሚጠገነውን መረጠ። ሁለቱም ምርጫዎች ለየባለቤቶቻቸው ትክክል ነበሩ።

በዚያው ወቅት መንገዱም ትውልድ ቀየረ። በ1989 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ያረጁ ዋና ጎዳናዎችን ማደስ ያዘ፤ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚወስደውም ከታደሱት አንዱ ነው። አስፋልቱ ሲለሰልስ ትልቅ የጉዞ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰሜን ሸዋ የሚመች ሜዳ አገኘ።

ከ2000 እስከ 2015 ዓ.ም.፦ የብዛት ዘመን

ቀጥሎ የመጣው ሞተር አገሩን በብዛት አጥለቀለቀው። የህንዶቹ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ፣ እንዲሁም የቻይና ሞተሮች በወረዳ ከተሞች ሁሉ ደረሱ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌን ከቀበሌ ሲያገናኝ፣ ትንሹ ሞተር ገበሬውን ወደ ገበያ፣ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ አደረሰ። የእነዚህ ሞተሮች ትልቁ ጉልበት መለዋወጫቸው ነው። ካንዴላቸው፣ የፍሬን ሸራቸው፣ ካቴናቸው በየሱቁ ይገኛል፤ ጎሚስታውም ጎማቸውን ያውቀዋል። አንድ ሞተር በአንድ አገር የሚኖረው ዕድሜ በፋብሪካው ጥራት ብቻ እንደማይለካ፣ በዙሪያው በሚፈጠረው ገበያና ሙያ ጭምር እንደሚለካ ቦክሰር አስተምሯል።

መንግሥትም በትውልድ ምርጫው ገባበት። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ አስተዳደር ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ፤ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ዋናው ምክንያት ሆኖ ተጠቅሷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ ተሽከርካሪው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ከፍ እንዲል አደረገ። ከውጭ አሮጌ ተሽከርካሪ በርካሽ ገዝቶ ማስገባት የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አይሠራም። የቀድሞውን ትውልድ የሚፈልግ ሰው በአገር ውስጥ ካለው መፈለግ ይቀለዋል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፦ ቤንዚን የሌለበት ትውልድ

በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስትወስን ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። ምክንያቱ የነዳጅ ወጪና የውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ ከጀርባው ደግሞ ከህዳሴው ግድብ የሚገኘው ኃይል አለ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በባትሪ የሚሄዱ ሞተሮች መታየት ጀምረዋል። በ1966 ታክሲ ነጂዎችን ያስነሳው ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሌላ መልስ ተመልሶ መጣ።

ለደጋ አገር የኤሌክትሪክ ሞተር አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ለመሥራት አየር አይፈልግም። ጣርማ በር ላይ ያለው ጉልበት ሸዋ ሮቢት ላይ ካለው አያንስም። ካርቡሬተር ያልቻለውን፣ ኢንጄክሽን በከፊል የፈታውን ችግር እሱ ከሥሩ ነቅሎታል። ቁልቁል ሲወርድም ማርሽ እንደሚይዝ ሞተር ራሱን እየገታ ባትሪውን መልሶ ሊሞላ ይችላል። የጎደለው ርቀት ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ሲና 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር ስድስት ሊትር ገደማ የሚጠጣ፣ 25 ሊትር የሚይዝ ሞተር ደርሶ መልሱን በአንድ ቅጂ ይወጣዋል። የዛሬ ትንንሽ የባትሪ ሞተሮች ይህን አይችሉም፤ በደጋው መንገድ ላይ የኃይል መሙያ እስኪዘረጋ ድረስ የከተማ አገልጋይ ሆነው ይቆያሉ።

እንግዲህ ዛሬ የሚመርጥ ሰው ምን ያድርግ? ታሪኩ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው። ጉዞው በአስፋልት ላይ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ከሆነ፣ ኢንጄክሽንና ኤቢኤስ ያለውን ይምረጥ። በጣርማ በር ጉምና ዝናብ፣ ከዋሻው በኋላ ባለው ረጅም ቁልቁለት፣ ሁለት ሰውና ሻንጣ ጭኖ የሚወርድ ከባድ ሞተር ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ ፍሬን ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ሕይወትን ማስያዝ ነው። ከኤፍጄአር ትውልዶች መሐል ለሚያማርጥ ሰው ሁለተኛው መልካም መካከለኛ ነው፤ ሙቀቱ ተስተካክሏል፣ ኢንጄክሽኑና ኤቢኤሱ አሉ፣ ጋዙ ግን ገና በሽቦ የሚሳብ ስለሆነ ለመካኒኩ እጅ የቀረበ ነው። ሦስተኛው የሚሻለው የኤሌክትሮኒክስ ብልሽቱን በኮምፒውተር የሚመረምርና ዕቃ የሚያስመጣ ጋራዥ ላለው ሰው ነው። የካርቡሬተሩን ትውልድ የሚወድ ደግሞ ከፍታው ብዙ በማይለዋወጥበት መንገድ፣ ካርቡሬተሩን በሚያውቅ መካኒክ አስተካክሎ ይንዳው።

ጣርማ በር ላይ ወደ ሰላ ድንጋይ የሚገነጠል ሰው ግን ሌላ ምክር ያስፈልገዋል። ወደ 290 ኪሎ የሚጠጋ የጉዞ ሞተር የቱም ትውልድ ቢሆን የጠጠር፣ የጭቃና የወንዝ መሻገሪያ መሣሪያ አይደለም። እዚያ የሚያዋጣው ቀላሉ፣ መለዋወጫው በቅርብ ወረዳ የሚገኘው፣ ሲወድቅ ብቻህን የምታነሳው ነው። የሸዋ ሰው በበቅሎ ዘመን ፈረሱንና በቅሎውን በየሥራቸው ለይቶ ይጠቀም እንደነበር ሁሉ፣ ዛሬም ትክክለኛው ጥያቄ የትኛው ትውልድ ይበልጣል የሚል ሳይሆን በየትኛው መንገድ ትሄዳለህ፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግንልሃል የሚል ነው። ይህን አስቀድሞ የመለሰ ሰው አሮጌም ገዛ አዲስ አይጸጸትም።